የትምህርት ቤት በርና የተማሪ ቦርሳ

በዚህ ጽሑፍ ልንናገርለት ያሰብነው ነገር ከሩቅ ሲያዩት እጅግ ትንሽ ነው፤ ይኸውም ተማሪ በየማለዳው በትከሻው አንግቶ የሚሄደው ቦርሳ ነው። ቦርሳው የሚከፈትበት ቦታ የትምህርት ቤት በር ነው፤ የሚያስከፍተውም ዘበኛ ነው። የትምህርትን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ሕንፃው፣ ስለ መምህራኑ፣ ስለ መጻሕፍቱና ስለ ተማሪው ቍጥር ብዙ ነግረውናል፤ ስለ በሩ የነገሩን ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን መንግሥት በሕግ የጻፈው ቃል ከአንድ ልጅ ኪስ ጋራ ፊት ለፊት የሚገናኘው በዚያ በር ላይ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከዚያ ቆመን ብንመለከተው የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል።

ለምሳሌ የመረጥነው ሰፈር አዲስ ከተማ ነው፤ ሕዝቡ በተለመደው ስሙ መርካቶ የሚለው። በአውቶቡስ ተራ፣ በሰባተኛ፣ በአማኑኤል፣ በጎጃም በረንዳና በመሳለሚያ ዙሪያ ያሉት ትምህርት ቤቶች በገበያ መካከል የተተከሉ ናቸው። ከአጥራቸው ውጭ ብረት ይቀጠቀጣል፣ በርበሬ ይራገፋል፣ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ተሸካሚው ይጮኻል። ሴንጢውም፣ ምላጩም፣ ጫቱም፣ ሲጋራውም የተማሪ ገንዘብ በሚችለው ዋጋ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ይሸጣል። ስለዚህ ዲሬክተሩ በሩን ማስጠበቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ወላጅም ቢሆን ልጅህ በጩቤ ተወጋ ከሚባል ልጅህ ተፈተሸ ቢባል ይመርጣል። ይህን እውነት ሸሽገን ስለ መብት ብቻ ብንጽፍ ለአንባቢ የነገሩን ግማሽ ብቻ መንገር ይሆንብናል።

ሌላው ግማሽ ግን ይህ ነው። በመርካቶ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ወንጀል ሳይሆን ችግር ነው። ከትምህርት በኋላ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ብሩሹንና ቀለሙን ከደብተሩ ሥር ደብቆ ይይዛል። በማታው ክፍል የሚማር ተሸካሚ የሥራ ልብሱን ጠቅልሎ ይመጣል። የነጋዴ ልጅ አባቱ ለአከፋፋይ አድርስ ያለውን ገንዘብ በመጽሐፉ ገጾች መካከል ይከታል። የታመመው መድኃኒቱን፣ ልጃገረዲቱም ለሴትነቷ የሚያስፈልጋትን ይይዛሉ። ይህ ሁሉ በተሰለፈ ሰው ፊት በተዘረገፈ ጊዜ፣ ጩቤ ባይገኝበትም እንኳ ከልጁ የተወሰደበት ነገር አለ።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ንብረቱ ደበሎውና አኩፋዳው ነበር፤ በአኩፋዳው ያለውም ለምኖ ያገኘው ቍራሽ ስለ ሆነ ከባልንጀሮቹ ጋራ ይካፈለዋል እንጂ አይደብቀውም። በቁርኣን ቤትም ልጁ የሚይዘው ሎሕ ጽሑፉ ለሁሉ የሚታይ ሰሌዳ ነው። የመምህሩ ሥልጣን ሙሉ ነበር፤ ልጁን ለትምህርት የሰጠ ወላጅ ቅጣቱንም አብሮ እንደ ሰጠ ይቈጥር ነበር። ምስጢር የሚለው ቃል ራሱ በዚያ ቤት ሌላ ትርጕም ነበረው፤ የመጽሐፉ ምስጢር ይባላል እንጂ የተማሪው ምስጢር አይባልም። በ1900 ዓ. ም. የዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1917 ዓ. ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈቱ ግን ተማሪው የራሱን ደብተርና ብዕር ያዘ፤ ደብዳቤ መጻፍንም ተማረ። ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ልጅ ደግሞ ምስጢር ሊኖረው ይችላል።

ይህንኑ ምስጢር ሕግ ያወቀው ሳይዘገይ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ. ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ ሕግ ከወሰነው በቀር የሰው ቤት እንዳይበረበር፣ በ26ኛውም አንቀጽ እንዲሁ ሕግ ከወሰነው በቀር የኢትዮጵያውያን የደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር አዘዘ። በዚያን ዘመን ማንበብና መጻፍ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ይህ ሁለተኛው አንቀጽ በተለይ የጠበቀው ካህኑን፣ ሹሙን፣ ነጋዴውንና ተማሪውን ነበር ብንል ያጋነንን አይመስለንም። አንባቢ ግን «በቀር» የምትለዋን ቃል ልብ እንዲላት እንለምናለን፤ በኋላ በየዘመኑ ፈታሾች ሁሉ የገቡት በርሷ በኩል ነውና።

ሕገ መንግሥቱ 5 ዓመት ሳይሞላው ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከተማው በደም ሲታጠብ፣ ትምህርት የቀመሱት ወጣቶች ተለይተው ታደኑ፤ መማር ራሱ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ሆነ። መርካቶም የተወለደው በዚሁ ዘመን ነው። ጣሊያኖች ነጩንና ጥቁሩን ለያይቶ የማኖር ሥርዐት ስላቆሙ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለታቸው ነው። በዙሪያው የተሠራውም ሰፈር አዲስ ከተማ ተባለ። እንግዲህ ዛሬ ስለ ቍጥጥርና ስለ ነጻነት የምንናገርበት ይህ ሰፈር ሲመሠረት የታሰበው ሰውን ለይቶ ለማኖር ነበር። ነጋዴው ግን ያን ሐሳብ አሸነፈው፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ሕዝብ በየተራው ሱቁን ተክሎ ገበያውን የራሱ አደረገው። ከጣሊያን ሐሳብ የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ ከስሙም «ኢንዲጄኖ» የሚለው ተቈርጦ ወድቋል።

ከነጻነት በኋላ ሕጉ ይበልጥ እየተብራራ ሄደ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 በዐዋጅ ከተነገረ የአደጋ ጊዜ በቀር በደብዳቤ ላይ ምርመራ እንዳይደረግ፣ በአንቀጽ 61 ደግሞ ከሕግ ውጭ ሰውም ሆነ ቤት እንዳይፈተሽ ወሰነ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን በ1952 ዓ. ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 11 በሕግ ከተወሰነው በቀር ማንም ሰው ነጻነቱ ሊቀነስበት ወይም ሊፈተሽ አይገባውም ይላል። ማንም ሰው ብሏል፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው አላለም። ይሁን እንጂ በዚያው መጽሐፍ ብዙ ገጽ አልፈን አንቀጽ 2039ን ብንገልጥ፣ ልጅን፣ ተማሪን ወይም አሽከርን በመጠኑ መቅጣት ለካሣ እንደማያስጠይቅ ተጽፎ እናገኛለን። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንዱ አንቀጽ ሰውን ያለ ሕግ አትፈትሽ ሲል፣ ሌላው ተማሪህን በመጠኑ ብትመታው ዕዳ የለብህም አለ። ጀርባውን መምታት ለተፈቀደለት መምህር ቦርሳውን መክፈት ክልክል ነው ብሎ ያሰበ ሰው እንዳልነበረ እንገምታለን።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግም መታወስ አለበት። ይህ ሕግ በአንቀጽ 32 የተያዘ ሰው እንኳ ለወንጀሉ ማስረጃ የሚሆን ነገር በላዩ እንዳለ በሚገባ ካልተጠረጠረ በቀር እንዳይፈተሽ፣ ሲፈተሽም ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት እንድትፈትሽ ያዝዛል። ሌባ ተብሎ ለተያዘ ሰው ይህን ያህል ክብር የሰጠ ሕግ አለን ማለት ነው። ማንም ያልጠረጠራት ተማሪ በበር ላይ ስትቆም ከዚህ ያነሰ ክብር ሊደርሳት የሚገባበትን ምክንያት ፈልገን አላገኘንም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የወረቀት ዘመን ነው። በየካቲት 1957 ዓ. ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ላራሹ እያሉ ከወጡ ወዲህ፣ የመንግሥት ዐይን በተማሪው ቦርሳ ውስጥ የሚፈልገው ጩቤ ሳይሆን ጽሑፍ ሆነ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ. ም. የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመቶ ሞተ፤ በማግስቱም ወታደሮች ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ ገብተው ተማሪዎችን ገደሉ። የግቢ በር ማን ሊያልፈው እንደሚችል የሚነሣው ክርክር ከዚያን ቀን ወዲህ በአገራችን ቀላል ክርክር ሆኖ አያውቅም።

በመጋቢት 1969 ዓ. ም. ደግሞ አዲስ አበባ ቤት ለቤት ታሰሰች። የሚፈለገው ጠመንጃና ሽጕጥ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪናና የማባዣ መኪናም ነበር። ሚያዝያ 21 ቀን በዚያው ዓመት፣ የሠራተኞች ቀን ሊከበር ጥቂት ሲቀረው፣ በመቶ የሚቈጠሩ ወጣቶች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ ገና ተማሪዎች ነበሩ። በዚያን ወራት በቦርሳ የተገኘች አንዲት ወረቀት የሰው ሕይወት ዋጋ ነበራት። ያን ጊዜ ያሳለፉ የሰፈራችን እናቶች ልጃቸው ከቤት ሳይወጣ ቦርሳውን አስቀድመው ራሳቸው ይበረብሩ እንደ ነበር ሲያወሩ ሰምተናል። እናት የልጇን ቦርሳ የምትበረብረው ልትጠረጥረው ሳይሆን ልታተርፈው ነበር። የ1980ውን ሕገ መንግሥት በዚህ ላይ ብዙ አንዘገይበትም፤ መልካም ቃል ነበረው፤ ዕድሜው ግን አጭር ሆነ።

አንድ የሚያስገርም ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነት ተካፋይ የሆነችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ. ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። የስምምነቱ 16ኛ አንቀጽ የልጅ የግል ኑሮው፣ ቤቱና ደብዳቤው በዘፈቀደ እንዳይደፈር ይከላከላል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሐምሌ 1982 ዓ. ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚሁ በአዲስ አበባ የተቀበለው፣ ኢትዮጵያም በኋላ ያጸደቀችው የአፍሪካ ሕፃናት ቻርተር በ10ኛው አንቀጽ ተመሳሳይ ቃል አለው፤ ነገር ግን ወላጆችና አሳዳጊዎች የልጆቻቸውን ጠባይ በተገቢው መንገድ ለመቈጣጠር ያላቸውን መብት አክሎበታል። እኛ ይህን ጭማሪ እንወደዋለን፤ ልጅ ያለ ጠባቂ የሚያድግ ፍጡር አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው።

ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ. ም. ጀምሮ የሚሠራበት ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው ከመፈተሽ የተጠበቀ መሆኑን፣ በእጁ ያለው ንብረት፣ ማስታወሻውና ደብዳቤውም የማይደፈር መሆኑን ያረጋግጣል፤ ይህን መብት መገደብ የሚቻለውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ለዚሁ በተለይ በወጣ ሕግ ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች አካላቸውን ከሚጐዳ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ያዝዛል። የጽሑፋችን ዋና ነገር የሚገኘው በነዚህ በሁለቱ አንቀጾች መካከል ነው። አንቀጽ 36 ትምህርት ቤትን በስሙ ጠርቶታል፤ ስለዚህ አርጩሜው በአንድ ቀን ባይጠፋም፣ ዛሬ ልጅ የተመታበት ወላጅ የሚጠቅሰው ቃል አለው፤ መምህሩም ያውቀዋል። አንቀጽ 26 ግን ትምህርት ቤትን በስሙ አልጠራም። ስለዚህ ታላቁ ሕግ እስከ አጥሩ ድረስ ይመጣና በሩ ላይ ሲደርስ ዘበኛው አያውቀውም፤ ተማሪውም አይጠቅሰውም።

ይህ ግራ መጋባት ያስከፈለውን ዋጋ በሚያዝያ 1993 ዓ. ም. አይተናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርት ባቆሙ ጊዜ ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ የታጠቁ ፖሊሶች ከግቢያቸው እንዲወጡ ነበር። ጥያቄው በንግግር ሳይፈታ ቀረ፤ ሁከቱ ከግቢው ወጥቶ ወደ ከተማው ተዛመተ፤ ሚያዝያ 9 እና 10 ቀን ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺሕም ታሰሩ። በሩን የሚጠብቀው ማን ነው፣ ምን ይዞ ይቆማል፣ ትእዛዝስ ከማን ይቀበላል የሚለው ጥያቄ የጽሕፈት ቤት ጥያቄ ይመስላል፤ በጊዜው ካልተመለሰ ግን የአደባባይ ጥያቄ ይሆናል።

በዚህ ላይ እኛም ተማሪ ሳለን ያየነውን አንድ ነገር እንጨምር፤ ትምህርት ቤቱን በስሙ መጥራት አያስፈልግም። አንድ ማለዳ ዘበኛው ስለት ሲፈልግ ከአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ደብተር ውስጥ የታጠፈ ደብዳቤ አገኘ። ደብዳቤው ወደ ቢሮ ሄደ፤ ከቢሮም ወደ ሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዐት መጣና ለሰልፉ ተነበበ። ሰልፉ ሳቀ። ልጅቱ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ቆማ ሰማች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን መቀመጫዋ ባዶ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ አልተመለሰችም። በደብዳቤው ውስጥ ስለት አልነበረም። ዘበኛው የታዘዘው ጩቤና ምላጭ እንዲፈልግ ስለ ነበረ፣ ያንን ባጣ ጊዜ ሥራው አልቆ ነበር።

በሌላው ዓለምም ይኸው ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል። በየካቲት 1972 ዓ. ም. በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ በመጸዳጃ ቤት ሲጋራ አጭሳለች ተብላ ተከሰሰች፤ ምክትል ዲሬክተሩ ቦርሳዋን ከፍቶ ሲጋራ አገኘ፤ በዚያ ሳይቆም ሲበረብር ማሪዋናና ደብዳቤዎችም አገኘ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጥር 1977 ዓ. ም. ተፈረደ። ዳኞቹ ለትምህርት ቤቱ ፈረዱለት፤ ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤት በር ላይ አይቆምም፤ ይገባል አሉ። መምህር እንደ ፖሊስ የዳኛ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ይሁን እንጂ ለመፈተሽ ምክንያት ሊኖረው፣ ፍተሻውም ከምክንያቱ ያልበለጠ ሊሆን ይገባል ብለው ወሰኑ። በሰኔ 2001 ዓ. ም. ደግሞ ያው ፍርድ ቤት፣ የራስ ምታት ክኒን ይዛለች ብለው የ13 ዓመት ልጅ ልብሷን አስወልቀው የፈተሹ የትምህርት ቤት ሰዎች ከመጠን አልፈዋል ሲል ፈረደ። ከዚህ ትምህርት የምንወስደው ስለ አሜሪካ ጥሩነት አይደለም፤ በብዙ ትምህርት ቤቶቻቸው ዛሬ የብረት መፈተሻ መሣሪያና ፖሊስ አለ። የምንወስደው «ምክንያትና መጠን» የሚሉትን ሁለት ቃላት ነው።

ከራሳችንም አገር ጥሩ ምሳሌ አለ። በ2008 ዓ. ም. የብሔራዊው ፈተና ወረቀት አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ስለ ወጣ ፈተናው ተሠርዞ እንደገና ተሰጠ። ከዚያም ስርቆቱ ባለመቆሙ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመስከረም 30 ቀን 2015 ዓ. ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ። ተፈታኞቹ በየበሩ ተፈተሹ፤ ስልክና ሌላም የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ይዞ መግባት ተከለከለ። ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኖ በተገኘ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኛ ግን እዚህ ላይ ስለ ውጤቱ አይደለም የምንናገረው፤ ስለ ፍተሻው ነው። ክልክሉ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ የሹም ልጅም የተሸካሚ ልጅም በአንድነት ተፈትሸዋል፤ ምክንያቱ ታውቆ ነበር፤ ፈተናውም ሲያልቅ ፍተሻው አበቃ። ከባድ ነበር፤ ዳር ድንበር ግን ነበረው። በየማለዳው በሰፈራችን በሮች የሚደረገው ፍተሻ ከዚያ ይልቅ ቀላል ሆኖ ሳለ ዳር ድንበር የለውም።

በየጊዜው ያየናቸው የተማሪ መተዳደሪያ ደንቦች ይህን ያሳያሉ። ምን መያዝ ክልክል እንደ ሆነ በረዥሙ ይዘረዝራሉ፤ ስልክ፣ ስለት፣ ሱስ የሚያስይዝ ነገር፣ ጌጥ፣ ሌላም። ማን እንደሚፈትሽ፣ ሴቶቹን ማን እንደሚፈትሽ፣ ደብዳቤና ማስታወሻ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ፣ የተወሰደው ስልክ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚመለስ ግን አይናገሩም። ስልኩ ደግሞ ዛሬ ደብዳቤውም፣ ማስታወሻውም፣ ሥዕሉም በአንድነት የሚኖሩበት ቤት ሆኗል። ስልክን ከተማሪ ተቀብሎ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ከፍቶ ማንበብ ሌላ ነው። ሁለተኛው አንድን ቤት ያለ ፈቃድ ከመበርበር የሚለይበት አይታየንም።

በ2016 ዓ. ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321 ስለ ሰው የተሰበሰበ መረጃ ለተሰበሰበበት ዐላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገውም ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ የሚያዝዝ ነው። የትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ደግሞ የመረጃ ጎተራ ነው፤ የወላጅ ስም፣ የመኖሪያ ቤት፣ የጤና ነገር፣ የጥፋት መዝገብ፣ ፎቶግራፍ። ያጠፋ ተማሪን ሥዕል ለማስተማሪያ ይሁን ብሎ በማኅበራዊ መገናኛ የሚለጥፍ ሰው፣ አዲሱን ዐዋጅ ባያውቅ እንኳ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት እንደ ከለከለ ሊያውቅ ይገባዋል።

የዘበኛውን ነገር ሳናነሣ ብንቀር ፍርደ ገምድል እንሆናለን። እርሱ በትንሽ ደመወዝ በብርድ ማለዳ የሚቆም ሰው ነው፤ የሚፈትሸውም በቃል በታዘዘው መሠረት ነው። ጩቤ ካመለጠው ይወቀሳል፤ ክብር ነክተሃል ቢባልም የሚወቀሰው እርሱ ነው፤ ያዘዘው ሰው ቃሉን ቢክድ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። አንዲት ገጽ ደንብ በበሩ ላይ ተለጥፋ ብትታይ ከተማሪው እኩል እርሱን ትጠቅመዋለች። በገጿም ፍተሻው ለስለትና ለተከለከለ ዕቃ ብቻ መሆኑ፣ ሴትን ሴት እንደምትፈትሽ፣ የሚያጠራጥር ነገር ሲኖር ቦርሳው በተማሪው ፊት በገለልተኛ ክፍል አንድ መምህር ባለበት እንደሚከፈት፣ ደብዳቤ እንደማይነበብ ይጻፍባት። ከጎኗም በበሩ ክፍል ውስጥ አንድ መዝገብ ይቀመጥ፤ ዓምዶቹም የተማሪው ስም፣ የተወሰደው ዕቃ፣ የወሰደው ሰው ስም፣ የተወሰደበትና የሚመለስበት ቀን፣ በስተመጨረሻም ዕቃውን ተረክቦ የሚወስደው ወላጅ ፊርማ ይሁኑ።